ሰበቃ በሌለው ቁልቁለት ላይ የሚወርድ ተሽከርካሪ፦ የፊዚክስ ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ መሥራት

የተዳፋት ጥያቄ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሥዕሉ ላይ ነው። ተማሪው ቀመሩን በቃሉ ይዞታል፤ ሳይንና ኮሳይንን ግን ያቀያይራል፣ ወይም የሌለ ኃይል ጨምሮ ይስላል፣ ወይም የመንገዱን ርዝመትና ከፍታውን አንድ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ስሌቱ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ መልሱ አይመጣም። ስለዚህ እዚህ ብዙውን ቦታ የሰጠነው ለሥዕሉና ለማዕዘኑ ነው። ቁጥር መተካቱ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው።

በምሳሌዎቹ ውስጥ ጂ (የመሬት ስበት አክስለሬሽን፣ ማለትም በነጻ የሚወድቅ ዕቃ ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን) 9.8 ሜ/ሰ² ነው። ጥያቄው 10 ውሰዱ ካለ 10 ውሰዱ፤ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለቱን አትቀላቅሉ። የተዳፋቱን ማዕዘን ቴታ እንለዋለን፣ የሚለካውም ከአግድም መስመር ነው።

"ሰበቃ የለም" ሲባል

ሰበቃ ከሌለ መንገዱ መኪናውን መግፋት የሚችለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ገጽ በ90 ዲግሪ ወደ ውጭ። በመንገዱ አቅጣጫ፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች፣ መንገዱ ምንም ማድረግ አይችልም። ይህን እስከ መጨረሻው ተከተሉት፦ ፍሬን መያዝ አይሠራም፣ መሪ ማዞር አይሠራም፣ ነዳጅ መስጠትም አይሠራም። ሦስቱም ጎማው መንገዱን ቆንጥጦ እንዲይዝ ይፈልጋሉና። ቆሞ የተለቀቀ መኪና ጎማም በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የሚያሽከረክረው ነገር ስለሌለ መኪናው ሳይንከባለል ይንሸራተታል። በስሌት ረገድ አውቶቡስም፣ ጋሪም፣ የእንጨት ሳጥንም አንድ ናቸው ማለት ነው።

አንዳንድ ጥያቄዎች ግን "ሰበቃን ከቁጥር አታስገቡ" ይሉና ጎማው እየተሽከረከረ እንደሚወርድ ይገልጻሉ። የሚፈልጉት የአየር መቋቋምና በጎማው አክስል ላይ የሚባክነው እንዲተው፣ የጎማዎቹም ማስ ከመኪናው አንጻር ትንሽ ነው ተብሎ እንዲታለፍ ነው። መልሱ ያው ነው። ዕቃው ራሱ ሙሉ በሙሉ የሚንከባለል ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለያል፤ ሳይንሸራተት የሚንከባለል ድፍን ሲሊንደር አክስለሬሽኑ የጂ ሳይን ቴታ 2/3 ነው፣ የድፍን ኳስ ደግሞ 5/7። በርሜል ወይም ኳስ የሚል ቃል ካያችሁ ከዚህ በታች ያለውን ቀመር እንዳለ አታስገቡ።

ደረጃ 1፦ የተሰጠውን ለዩ፣ አሃዱን አስተካክሉ

ቁጥሮቹን ከነአሃዳቸው በአንድ በኩል ጻፉ። በኪ.ሜ/ሰዓት የተሰጠ ፍጥነት ወዲያውኑ በ3.6 ተካፍሎ ወደ ሜ/ሰ ይቀየር፤ 54 ኪ.ሜ/ሰዓት 15 ሜ/ሰ ነው። ይህን "በኋላ እቀይረዋለሁ" ያለ ሰው ፍጥነቱን ካሬ ሲያደርገው ስሕተቱ ወደ 13 እጥፍ ገደማ ያድጋል።

ከዚያ ቃላቱን ተርጉሙ። "ቆሞ ሳለ የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀ" ወይም "ከእረፍት ተነሳ" የመነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። "ቁልቁለቱን ሲጀምር በ10 ሜ/ሰ ይሄድ ነበር" ከተባለ ዜሮ አይደለም፤ ይቺ ቁጥር ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ማሱ ካልተሰጠ አትደንግጡ፣ ከተሰጠም የግድ መጠቀም አለብኝ ብላችሁ አታስቡ። የሚያስፈልገው ኃይል ወይም ኢነርጂ በኒውተንና በጁል ሲጠየቅ ነው።

ደረጃ 2፦ ሥዕሉ

ተዳፋቱን ስትስሉ ዝቅ ያለ አድርጉት፣ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ። ብዙዎች በልማድ 45 ዲግሪ የሚመስል ይስላሉ። እዚያ ላይ ሁለቱ የክብደት ክፋዮች እኩል ስለሚመስሉ ሳይንና ኮሳይን ቢቀያየሩ ዓይን አይለየውም። በዝቅተኛ ተዳፋት ላይ ግን ወደ መንገዱ የሚጫነው ክፋይ ረጅም፣ በመንገዱ የሚወርደው ደግሞ አጭር መሆኑ በግልጽ ይታያል።

መኪናውን በአንድ ነጥብ ወክሉት። ከነጥቡ ሁለት ቀስቶች ብቻ ይወጣሉ፦

አንደኛው ክብደት ነው። ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ከወረቀቱ የጎን ጠርዝ ጋር ትይዩ። መንገዱ ስላዘነበለ ክብደቱን ማዘንበል ከባድ ስሕተት ነው። መጠኑ ማስ ሲባዛ በጂ (በአጭሩ ኤምጂ) ነው።

ሁለተኛው ኖርማል ኃይል፣ ማለትም መንገዱ መኪናውን የሚገፋበት ኃይል ነው። ከመንገዱ ገጽ በ90 ዲግሪ ይነሣል እንጂ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ አይወጣም።

በዚህ አበቃ። "ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል" ተብሎ የሚሳል ሦስተኛ ቀስት የለም። ኤምጂ ሳይን ቴታ የክብደቱ ቁራጭ ነው፤ ክብደቱንም ቁራጩንም በአንድ ሥዕል ላይ በድፍን መስመር ካስቀመጣችሁ አንዱን ኃይል ሁለት ጊዜ ትቆጥሩታላችሁ። ክፋዮቹን በነጠብጣብ መስመር ሳሉና ዋናውን የክብደት ቀስት በአጭር ሰረዝ ሰርዙት፤ ቦታው በክፋዮቹ ተተካ ማለት ነው። ገመድ ወይም የሚገፋ ሰው ካለ የዚያን ጊዜ ብቻ ሌላ ቀስት ይጨመራል።

ደረጃ 3፦ መጥሪያዎቹን አዘንብሉ

አንዱን መጥሪያ (አክሲስ፣ ማለትም ኃይልና እንቅስቃሴ የምንለካበትን መስመር) ከመንገዱ ጋር ትይዩ፣ ሌላውን ለመንገዱ ቀጤ ነክ (በ90 ዲግሪ) አድርጉ። ለሚወርድ መኪና ቁልቁሉን ፖዘቲቭ ማለት ይቀላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ መኪናው ከመንገዱ አይነሣም፣ ወደ ውስጥም አይሰምጥም፣ ስለዚህ በቀጤ ነክ አቅጣጫ አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው። ሁሉም እንቅስቃሴ በአንድ መጥሪያ ላይ ይሰበሰባል። መጥሪያዎቹን አግድምና ቁም አድርጎ መሥራትም ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል፤ ግን አክስለሬሽኑ በሁለት ይከፈላል፣ ኖርማል ኃይሉም በሁለቱም እኩልታ ውስጥ ይገባል፣ ሁለት እኩልታ አንድ ላይ መፍታት ግድ ይሆናል። በፈተና ሰዓት ለምን?

ደረጃ 4፦ የቱ ሳይን፣ የቱ ኮሳይን

በክብደቱ ቀስትና ለመንገዱ ቀጤ ነክ በሆነው መስመር መካከል ያለው ማዕዘን ቴታ ራሱ ነው። ስለዚህ፦

በመንገዱ አቅጣጫ ወደ ታች = ማስ × ጂ × ሳይን ቴታ
ወደ መንገዱ ገጽ = ማስ × ጂ × ኮሳይን ቴታ

በቃል ከመያዝ የሚሻለው ማዕዘኑን በሐሳብ ወደ ዜሮ ማውረድ ነው። መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ሲሆን መኪናውን ወደየትም የሚጎትተው የለም፣ ስለዚህ የሚወርደው ክፋይ ዜሮ መሆን አለበት። ሳይን ዜሮ ዜሮ ነው፣ ኮሳይን ዜሮ ግን 1። እንግዲህ የሚወርደው ሳይን ነው። ይህ ፍተሻ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይፈጃል፣ በየጥያቄው ሥሩት።

አንድ ወጥመድ አለ። ጥያቄው ማዕዘኑን ከቁም መስመር ለክቶ ከሰጠ፣ ለምሳሌ "መንገዱ ከቁም መስመር ጋር 70 ዲግሪ ይሠራል" ካለ፣ መጀመሪያ ከ90 ቀንሱት፤ ቴታ 20 ነው።

ኖርማል ኃይሉ ከኤምጂ ኮሳይን ቴታ ጋር እኩል ነው። "ኖርማል እኩል ይሆናል ኤምጂ" የሚለው ለሜዳ ብቻ ነው የሚሠራው።

ማዕዘኑ በዲግሪ ካልተሰጠ

ነጥብ በብዛት የሚጠፋበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ጥያቄዎች ተዳፋቱን በአራት መንገድ ይሰጣሉ።

በዲግሪ ከሆነ ካልኩሌተሩን ፈትሹ። ሳይን 30 ብላችሁ 0.5 ካልመጣ ዲግሪ ላይ አይደለም፤ −0.988 ካመጣ ራዲያን ላይ ነው፣ 0.454 ካመጣ ደግሞ ግራድ ላይ ነው። የመጨረሻው አደገኛ ነው፤ ቁጥሩ እውነተኛ ስለሚመስል አይነቃበትም።

ከፍታና የመንገዱ ርዝመት ከተሰጠ ሳይን ቴታ ማለት ከፍታ ሲካፈል ለርዝመት ነው። ማዕዘኑን ራሱን መፈለግ አያስፈልግም። 5 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ 3 ሜትር ከፍ ካለ ሳይኑ 0.6፣ ኮሳይኑ 0.8 ነው፤ ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና 37 ዲግሪ የሚለው ቁጥር የሚዘወተረው ለዚህ ነው።

ከፍታና አግድም ርቀት ከተሰጠ (ከካርታ ላይ የሚነበበው እንዲህ ነው) የምታገኙት ታንጀንት ነው። ርዝመቱን በፓይታጎረስ ፈልጉና ከዚያ ሳይኑን አውጡ።

በመቶኛ ከተሰጠ ደግሞ፣ በመንገድ ዳር ምልክት ላይ እንደሚታየው፣ 10 በመቶ ማለት በየ100 ሜትር አግድም ርቀት 10 ሜትር መውረድ ነው። ታንጀንቱ 0.10 ነው፣ ማዕዘኑ 5.7 ዲግሪ። 10 በመቶን 10 ዲግሪ ብሎ የወሰደ ሰው አክስለሬሽኑን ወደ 1.75 እጥፍ አሳድጎታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ለስላሳ ቁልቁለት ሳይኑና ታንጀንቱ በጣም ይቀራረባሉ (0.0995 እና 0.1000)፤ እስከ 10 በመቶ ድረስ አንዱን በሌላው ብትተኩ ስሕተቱ ከግማሽ በመቶ ብዙም አያልፍም። ለ100 በመቶ ተዳፋት ግን ሳይኑ 0.707፣ ታንጀንቱ 1 ነው፤ እዚያ ማቀያየር አይቻልም።

እውነተኛ መንገድ ወይም የጋራዥ መወጣጫ ለክታችሁ ጥያቄ መሥራት ከፈለጋችሁ አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላና የግንበኛ ውኃ ልክ ይበቃሉ። የጣውላውን አንድ ጫፍ መንገዱ ላይ አስቀምጡ፣ ሌላውን ጫፍ ውኃ ልኩ ትክክል እስኪል ድረስ አንሡት፣ ከተነሣው ጫፍ እስከ መንገዱ ያለውን ክፍተት ለኩ። 12 ሴንቲሜትር ከሆነ ታንጀንቱ 0.12 ነው። ሜትር ዘርግታችሁ በመንገዱ ገጽ ላይ ርዝመቱን ከለካችሁ ግን የምታገኙት ሳይን ነው።

ደረጃ 5፦ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ

በመንገዱ አቅጣጫ ያለው ብቸኛ ኃይል የክብደቱ ክፋይ ነው፦

ማስ × ጂ × ሳይን ቴታ = ማስ × አክስለሬሽን

ማሱ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል፦

አክስለሬሽን = ጂ × ሳይን ቴታ

ባዶ ሚኒባስና የተጫነ ከባድ መኪና እኩል ይወርዳሉ። ከባዱ በብርቱ ይሳባል፣ በዚያው ልክ ደግሞ ለመንቀሳቀስ ያስቸግራል። እውነተኛ መንገድ ላይ የጫነ መኪና ለማቆም የሚያስቸግረው ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኢነርጂ ስለሚበዛ ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 6፦ የአሠራር ዘዴውን ምረጡ

ጥያቄው ስለ ጊዜ ከጠየቀ ወይም ጊዜ ከሰጠ የእንቅስቃሴ ቀመሮችን ተጠቀሙ። ጊዜ ጨርሶ ካልተነሣና የሚፈለገው ፍጥነት ወይም ከፍታ ከሆነ ኢነርጂ ያሳጥረዋል፦

የመጨረሻ ፍጥነት² = የመነሻ ፍጥነት² + 2 × ጂ × የወረደው ከፍታ

እዚህ ቀመር ውስጥ ማዕዘን የለም። መንገዱ መሐል ላይ ቢጠማዘዝ፣ አንዴ ገደላማ አንዴ ለስላሳ ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ከፍታው ብቻ ይበቃል። ጊዜውን ለማግኘት ግን የመንገዱን ቅርጽ ማወቅ ግድ ነው። ተዳፋቱ የሚለዋወጥ ከሆነ አክስለሬሽኑም ስለሚለዋወጥ በአንድ ጊዜ መተካት አይቻልም፤ ቁራጭ በቁራጭ ሥሩት፣ የአንዱ መጨረሻ ፍጥነት የቀጣዩ መነሻ ነው።

ምሳሌ አንድ፦ የተለቀቀ መኪና

ማሱ 1,200 ኪ.ግ. የሆነ መኪና 12 ዲግሪ ባዘነበለ፣ ሰበቃ በሌለው መንገድ አናት ላይ ቆሟል። ተለቀቀ። መንገዱ 40 ሜትር ነው። አክስለሬሽኑ፣ ኖርማል ኃይሉ፣ ታች ሲደርስ ፍጥነቱና የፈጀው ጊዜ?

ሳይን 12 = 0.2079፣ ኮሳይን 12 = 0.9781።
አክስለሬሽን = 9.8 × 0.2079 = 2.04 ሜ/ሰ²
ኖርማል ኃይል = 1,200 × 9.8 × 0.9781 = 11,500 ኒውተን ገደማ
ፍጥነት² = 2 × 2.0375 × 40 = 163፣ ፍጥነት = 12.8 ሜ/ሰ (46 ኪ.ሜ/ሰዓት)
ጊዜ = 12.77 ÷ 2.0375 = 6.27 ሰከንድ

ከላይ 2.04 ብለን ጽፈን ከታች 2.0375 የተካነው ሆን ብለን ነው። አጠጋግቶ መጻፍ ለመልስ ነው፣ በስሌቱ መሐል ግን ተጨማሪዎቹን አሃዞች ያዙ።

ማረጋገጫ በኢነርጂ፦ ከፍታው 40 × 0.2079 = 8.32 ሜትር፤ 2 × 9.8 × 8.32 = 163። ገጠመ። ከፍታውን ረስታችሁ 40ን ብታስገቡ 784 ይመጣል፣ ፍጥነቱ 28 ሜ/ሰ ይሆናል። ይህ 40 ሜትር ከገደል በነጻ የወደቀ ዕቃ ፍጥነት ነው፤ ስሕተቱን በዚህ ታውቁታላችሁ።

ምሳሌ ሁለት፦ ዳገት ወጥቶ የሚመለስ

መኪና በ54 ኪ.ሜ/ሰዓት እየሄደ 10 በመቶ ዳገት ላይ ደረሰ፣ ሰበቃ የለም። ከ20 ሰከንድ በኋላ የት ነው?

አሁን ዳገቱን ፖዘቲቭ እንበል። አክስለሬሽኑ −0.975 ሜ/ሰ² ነው፤ ሲወጣም፣ አናት ላይም፣ ሲመለስም። አናት ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ አክስለሬሽኑም ዜሮ ነው ማለት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ እንዲያ ቢሆን መኪናው እዚያው ቆሞ ይቀር ነበር።

የሚወጣበት ጊዜ 15 ÷ 0.975 = 15.4 ሰከንድ፣ የሚወጣው ርቀት 225 ÷ (2 × 0.975) = 115.4 ሜትር። ስለዚህ በ20ኛው ሰከንድ ቁልቁል ጀምሯል።
ቦታ = 15 × 20 − ½ × 0.975 × 20² = 105 ሜትር
ፍጥነት = 15 − 0.975 × 20 = −4.5 ሜ/ሰ

ኔጌቲቩ እየተመለሰ መሆኑን ይነግረናል። "ከመነሻው ምን ያህል ይርቃል" ከተባለ 105 ሜትር፣ "ስንት ሜትር ተጓዘ" ከተባለ ግን 115.4 ሲደመር የተመለሰው 10.4፣ ማለትም ወደ 126 ሜትር። ጥያቄው የትኛውን እንደፈለገ ሁለቴ አንብቡ። ሰበቃ ስለሌለ መነሻው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ያው 15 ሜ/ሰ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ተቃራኒ።

ምሳሌ ሦስት፦ ሁለት ተሽከርካሪዎች በአንድ ቁልቁለት

የታችኛው ጋሪ ከእረፍት ይለቀቃል። በዚያው ቅጽበት ከኋላው 24 ሜትር ላይ ያለ ሌላ ጋሪ በ6 ሜ/ሰ እየወረደ ነው። መቼ ይደርስበታል? ማዕዘኑ አልተሰጠም።

ብዙ ተማሪ ጥያቄው ጎደሎ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም በእኩል አክስለሬሽን ስለሚወርዱ የፍጥነታቸው ልዩነት አይለወጥም፤ መጀመሪያ 6 ሜ/ሰ ነበር፣ ሁልጊዜም 6 ነው። 24 ÷ 6 = 4 ሰከንድ። ቁልቁለቱ ገደላማ ቢሆንም ለስላሳ ቢሆንም መልሱ አራት ነው፤ መንገዱ ሳይጨርሱ የሚበቃ ርዝመት እንዲኖረው ብቻ ያስፈልጋል። አክስለሬሽኑን 2 ብላችሁ ሞክሩት፦ የኋላው በ4 ሰከንድ 24 + 16 = 40 ሜትር፣ የፊተኛው 16 ሜትር ከነቅድሚያው 24፣ እሱም 40።

ምሳሌ አራት፦ ገመድና ተሳቢ

2,000 ኪ.ግ. መኪና ከበታቹ 500 ኪ.ግ. ተሳቢ አያይዞ በ12 ዲግሪ ተዳፋት ላይ አለ። ከላይ በገመድ ተይዟል።

ሁለቱን አንድ አካል አድርጋችሁ ጀምሩ። ቆመው ከሆነ ወይም በማይለወጥ ፍጥነት እየወረዱ ከሆነ የገመዱ ውጥረት 2,500 × 9.8 × 0.2079 = 5,094 ኒውተን ነው። ቆሞ መያዝና በእኩል ፍጥነት ማውረድ ለገመዱ አንድ ነው፣ በሁለቱም አክስለሬሽኑ ዜሮ ነውና። ገመዱ በ0.5 ሜ/ሰ² እየፈጠኑ እንዲወርዱ ከለቀቃቸው ውጥረቱ 2,500 × (2.0375 − 0.5) = 3,844 ኒውተን ይሆናል።

በመኪናውና በተሳቢው መካከል ያለውን ማያያዣ ለማግኘት ተሳቢውን ብቻ ለይታችሁ ሳሉ። ቆመው ሳሉ ማያያዣው የሚሸከመው የተሳቢውን ድርሻ ብቻ ነው፦ 500 × 9.8 × 0.2079 = 1,019 ኒውተን።

ገመዱ ቢበጠስስ? ማያያዣው ላይ ያለው ኃይል ወዲያው ዜሮ ይሆናል። መኪናውም ተሳቢውም እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ቢሆኑ በጂ ሳይን ቴታ ነው የሚወርዱት፤ አንዱ ሌላውን የሚጎትትበት ምክንያት የለም። "ከባዱ መኪና ተሳቢውን ይገፋዋል" ብሎ 1,019ን ይዞ መቀጠል እዚህ ጋ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው።

መልሱን መፈተሽ

አክስለሬሽኑ ከ9.8 ከበለጠ ስሕተት አለ። ማዕዘኑ 90 ቢሆን አክስለሬሽኑ ጂ፣ ዜሮ ቢሆን ዜሮ መውጣት አለበት። ኖርማል ኃይሉ ከክብደቱ ከበለጠ ኮሳይኑ አካፋይ ሆኖ ገብቷል።

ከእረፍት ለተነሣ ዕቃ ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው ሥራ ያሰፈረው ሕግ ጥሩ ፍተሻ ነው፦ በተከታታይ እኩል ጊዜያት የሚሄዳቸው ርቀቶች እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ይሆናሉ። በነጻ የሚወድቅ ዕቃ በዘመኑ መሣሪያ ለመለካት እጅግ ስለሚፈጥን ተዳፋት ላይ ኳስ እያንከባለለ ነበር የሞከረው። በመጀመሪያው ሰከንድ 2 ሜትር የወረደ ጋሪ በሁለተኛው 6፣ በሦስተኛው 10 ሜትር ይወርዳል። "በመጨረሻው ሰከንድ ስንት ሜትር" ለሚሉ ጥያቄዎች ይህ ከቀመር ይፈጥናል።

አንዳንዴ ደግሞ ስሌቱ ልክ ሆኖ ቁጥሩ የማይታመን ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 1,000ን ብቻ ወስደን ሰበቃም አየርም የለም ብንል ታች የሚደረስበት ፍጥነት √(2 × 9.8 × 1,000) = 140 ሜ/ሰ፣ ማለትም 504 ኪ.ሜ/ሰዓት ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የማይሠራው ግምቱ ነው። ከነጭነቱ 30 ቶን የሆነ መኪና በዚያ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት ሲወርድ 294 ሚሊዮን ጁል ወደ ሙቀት መቀየር አለበት። ይህ ከ870 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ተነሥቶ እስከ 100 ዲግሪ የሚያሞቅ ነው። አብዛኛው ለፍሬኑ ከተተወ ታምቡሩና ሸራው ይግላሉ፣ የጋለ ሸራ ደግሞ የመያዝ ብቃቱ ይወርዳል። ሾፌሮች በከባድ ማርሽ የሚወርዱት የሙቀቱን ድርሻ ሞተሩ እንዲወስድላቸው ነው፤ ፍሪ አድርጎ መውረድ ያን ሁሉ ኢነርጂ መልሶ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል።

ለልምምድ

ሀ. 8,000 ኪ.ግ. የጭነት መኪና 25 ሜትር ርዝመትና 7 ሜትር ከፍታ ባለው ሰበቃ የለሽ ተዳፋት ላይ ከእረፍት ተለቀቀ። ጂ 10 ይሁን። አክስለሬሽን፣ ኖርማል ኃይል፣ የመጨረሻ ፍጥነትና ጊዜ?

ለ. በ36 ኪ.ሜ/ሰዓት የሚሄድ መኪና 8 በመቶ ቁልቁለት ጀመረ። ፍጥነቱ 72 ኪ.ሜ/ሰዓት እስኪሆን በመንገዱ ላይ ስንት ሜትር ይወርዳል? በስንት ሰከንድ?

ሐ. ከእረፍት የተነሣ ጋሪ በሦስተኛው ሰከንድ ውስጥ 5 ሜትር ወረደ። የተዳፋቱ ማዕዘን ስንት ነው?

መልስ፦ ሀ. 2.8 ሜ/ሰ²፣ 76,800 ኒውተን፣ 11.8 ሜ/ሰ፣ 4.23 ሰከንድ። ለ. 192 ሜትር ገደማ በመንገዱ ላይ፣ 12.8 ሰከንድ፤ ከፍታው 15.3 ሜትር ነው፣ 15.3ን መልስ አድርጎ የሰጠ ከፍታን ከርዝመት ቀላቅሏል። ሐ. በ1፣ 3፣ 5 ሕግ መሠረት በመጀመሪያው ሰከንድ 1 ሜትር ወርዷል፣ ስለዚህ አክስለሬሽኑ 2 ሜ/ሰ²፣ ሳይኑ 0.204፣ ማዕዘኑ 11.8 ዲግሪ።